የአሮጊቶች ድንጋይ ሌባ

ኦክቡን የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ከሰባ ስምንቱ ስድሳውን ያሳለፈችው ሰው ስትጠረጥር ነው፤ ቀሪውን አሥራ ስምንት ገና ልጅ ስለነበረች ይቅር እንበላት። ባሏ በሕይወት ሳለ ከባሕር ዓሣ ይዞ ሲመጣ እንኳ፣ እንደ ሰው "እንኳን ደህና መጣህ" ማለት ትታ "የቀረውን ለማን ሰጠኸው?" ነበር የምትለው። አንድ ጊዜ ግን እንዲሁ ስትጠረጥር ውላ የጎረቤት አሳማ ሊነዳ የመጣ ሌባ እጅ ከፍንጅ ይዛለች። ከዚያ ወዲህ የሶልሶም ደሴት ሴቶች አፏን ቢፈሩም ዓይኗን ያከብራሉ። አሁን ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ አፏ ግን እንደ ድሮው ነው።

ስለዚህ በዚያ የብርድ ወር፣ ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው በተገለጠበት ጠዋት፣ የምትሠራበት ድንጋይ ላይ አዲስ የተከፈቱ ነጫጭ ዛጎሎች ስታይ አልደነገጠችም። እንዲያውም ደስ ሳይላት አልቀረም።

"ፒልዬ! ነይ ወዲህ!" ብላ ተጣራች።

ፒልዬ ጎረቤቷ ናት፤ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ወደ ሩቁ ቋጥኝ እየሄደች ነበር። ጭቃው ቦቲ ጫማዋን እየጎተተባት መጣች።

"ምነው እትዬ? ገና ሳንጀምር?"

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ዛጎል ነዋ።"

"ዛጎል መሆኑ ጠፍቶኝ ነው የጠራሁሽ? መቼ የተከፈተ ነው?"

ፒልዬ ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው። ኦይስተር ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ፣ በሁለት ዛጎል መካከል የሚበላ ሥጋ ያለው የባሕር ፍጥረት ነው፤ ሲፈለፈል የላይኛው ዛጎል ይነሳል፤ የታችኛው ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ውስጡ ነጭ ነው፣ ያብረቀርቃል። ባሕሩ አንዴ ሄዶ ከተመለሰበት ደለል ይለብስና ይደበዝዛል። ይሄኛው ያብረቀርቃል።

"የዛሬ ነው" አለች ፒልዬ። "እርስዎ ጀምረው እንዳይሆን?"

"እኔ አሁን መድረሴ ነው። ደግሞም እኔ የምመታው ከመጋጠሚያው በኩል ነው። ይኼ ከከንፈሩ ነው የተፈነቀለው።"

"ወፍ ይሆናል።"

"መፈልፈያ የያዘ ወፍ አይተሽ ታውቂያለሽ? አንቺስ በየት በኩል ነው የምትመቺው?"

"እኔን?" ፒልዬ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። "እትዬ፣ እዚያ ቋጥኝ ላይ ጡጫ የሚያህል ኦይስተር እያለልኝ፣ የእርስዎን ይቺን ጥፍር የምታህል ምን ላደርጋት ነው የምሰርቃት?"

በዚህስ እውነቷን ነው። የአሮጊቶች ድንጋይ ለባሕር ዳር ቅርብ ስለሆነ ውሃው ቀድሞ ይለየዋል፤ ኦይስተሩ ብዙ ሰዓት ያለ ውሃ እየዋለ ትንሽና ከንፈሩ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የሩቁ ግን ትልቅና ነጣ ያለ ነው። ሶልሶም ውስጥ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ ሁለቱን አምታቺ ብትሏት አትችልም። ቅርቡ ድንጋይ ሰባ ዓመት ላለፋቸው ሴቶች የተተወው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ትንሽ ነው ግን ቅርብ ነው። ዘንድሮ ሌሎቹ ሁለቱ አሮጊቶች ስላቆሙ ድንጋዩ የኦክቡን ብቻ ሆኗል፤ አምና ቢሆን የተከፈተ ዛጎል ብታይ ከሁለቱ የአንዷ ነው ብላ ታልፈው ነበር።

ፒልዬ ሄደች። ኦክቡን ጎንበስ ብላ ሥራዋን ጀመረች፤ ሐሳቧ ግን ዛጎሉ ላይ ነበር። ማንም የማይፈልገውን ኦይስተር የሚሰርቅ ሰው ኦይስተሩን ፈልጎ አይደለም። ታዲያ ምን ፈልጎ ነው? መልሱን ለማግኘት ብዙ አልደከመችም። ድንጋዩ ሲራቆት የሚጎድለው የኦክቡን ጣሳ ነው።

የጣሳው ነገር ቀላል አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት አንዲት አሮጊት ባሕሩ ሲመለስ ጭቃው ውስጥ ቀርታ ሬሳዋ በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ከዚያ በኋላ የሴቶቹ ማኅበር ሕግ አወጣ፤ ውሃው እስኪመለስ አንድ ጣሳ መሙላት ያቃታት ሴት እጇ ከዘገየ እግሯም ዘግይቷል ማለት ነውና፣ ሦስት ቀን ከጎደለባት መፈልፈያዋን ለሰብሳቢዋ ታስረክባለች፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃውን አትረግጥም። ቤት የቀረች አማት ደግሞ የሩዝ ጎተራውን ቁልፍ ለምራቷ መስጠቷ የደሴቲቱ ወግ ነው። ኦክቡን ራሷ ከባሏ እናት ቁልፉን የተቀበለችው እንዲያ ነው። አሮጊቷ ከዚያ በኋላ ግድግዳ ተደግፋ ስትቀመጥ፣ ሰው ሲያልፍ ቀና ስትል፣ ማንም ምንም ሳይጠይቃት ስትሞት አይታለች። ኦክቡን ሞትን አትፈራም። ያንን ግድግዳ ግን ትፈራዋለች።

ቤቷ ውስጥ ደግሞ ምራት አለች። ዮንሱክ ትባላለች፤ የአንድ ልጇ የቶክሱ ሚስት ናት። ቶክሱ ሩቅ ባሕር በሚሄድ መርከብ ላይ ስለሚሠራ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቅ ቢል ነው፤ ልጆቹ ማዶ ከተማ ይማራሉ፤ ቤቱን ያቆመው የሁለቱ ሴቶች መፈልፈያ ነው። ዮንሱክ ዝምተኛ ናት። ዝምተኛን ደግሞ ኦክቡን ጨርሶ አታምንም። አምና አንድ ቀን ዮንሱክ "እማማ፣ ብርዱ ጠንክሯል፤ ዘንድሮ እንኳ ቤት ቢያርፉስ?" ብላ ነበር። ይህቺን ዐረፍተ ነገር ኦክቡን አንድ ዓመት ሙሉ ስታላምጣት ከርማለች።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ኦክቡን ከዚያን ቀን ጀምራ ምራቷን መከታተል ያዘች።

በማግስቱ ማለዳ የዮንሱክ ቦቲ በረንዳው ላይ ቆሞ ውሃ ያንጠባጥባል። ጥሪው ገና ነው። ሰብሳቢዋ ማልሱን የብረት ሳፋዋን ሳትደበድብ ወደ ጭቃው መውረድ ክልክል ነው፤ ከጥሪ በፊት የወረደች ሴት ወራቱን ሙሉ ትታገዳለች።

"ቦቲሽ ምን ሆኖ ነው የረጠበው?" አለች ኦክቡን።

"አሳማዎቹ ጋ ሄጄ ነው እማማ።"

"አሳማዎቹ ዋና ጀመሩ?"

ዮንሱክ ፈገግ አለችና "ውሃ ገንዳቸውን ሳጥብ ነው" ብላ ወደ ማድቤት ገባች። ኦክቡን ዘወር ብላ ማንም እንዳላያት ካረጋገጠች በኋላ ጣቷን ቦቲው ላይ አሻሽታ ቀመሰችው። ጨው ነው። እንግዲህ የጨው ገንዳ ያለው አሳማ እሷ ቤት ብቻ ነው ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን የዮንሱክን ሻሽ አሸተተች፤ ባሕር ባሕር ይላል። በአራተኛው ቀን ከጎመን ማስቀመጫ ጋኖቹ ጀርባ ተሸሽጎ የተቀመጠ ትንሽ ጣሳ አገኘች። ባዶ ነው፤ ግን ታጥቦ ተደፍቷል፤ ለጎመን የማይሆን፣ ለአሳማም የማይሆን። ወደ ቦታው መለሰችው። በየቀኑም ድንጋዩ ላይ ከሷ በፊት የተከፈቱ ዛጎሎች ጠበቋት፤ አንድ ቀን ሃያ ስድስት ቆጠረች።

አንድ ነገር ግን አለ። ሌባ እየዘረፋትም ጣሳዋ በየቀኑ ሙሉ ነው። የተፈለፈለው ሥጋ ጣሳ ውስጥ ከባሕር ውሃ ጋር ስለሚቀመጥ ጭቃው ላይ ሳለ ምን ያህል እንደሆነ በዓይን አይለይም፤ ውሃው ሥጋውን ያበዛዋል። ልኩ የሚታወቀው መለኪያ ቤት ገብቶ ማልሱን በወንፊት ስታጠልለው ነው። የጠለለው ተመልሶ ጣሳው ውስጥ ሲገባ የኦክቡን እስከ አፉ ይደርሳል። ምራት እያለች አማት ሸክም አትይዝምና ጣሳውን ከጭቃው እስከ መለኪያ ቤት የምታደርሰው ዮንሱክ ናት። ኦክቡን አንዳንድ ቀን ጣሳውን ስታቀብላት "ዛሬ ቀለል አለኝ" ትልና፣ ወንፊቱ ላይ ሙሉ ሆኖ ስታገኘው "ለካ ክንዴ በርትቶ ነው" ብላ ትኮራለች። በዚህ ዓለም ላይ ኦክቡን ያልጠረጠረችው ሰው ቢኖር ኦክቡን ብቻ ናት።

በስድስተኛው ቀን ከጥሪው በፊት ተነሥታ ወጣች። ባሕር ዳር በተገለበጠች አሮጌ ጀልባ ሥር ተሸሸገች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ውሃው ከአሮጊቶች ድንጋይ ላይ ገና ወርዶ ማለቁ ነው፤ ሩቁ ቋጥኝ አሁንም ከባሕር በታች ነው። ጭቃው ላይ አንድ ቀይ ሻሽ ታያት። የሴትዮዋ ፊት አልታያትም፤ ቀዩን ሻሽ ግን ማዶ ከተማ ወርዳ ለምራቷ የገዛችላት ራሷ ኦክቡን ናት። ሴትዮዋ ድንጋዩ ሥር ቁጢጥ ብላ እጇን ታነሳለች፣ ትመታለች፣ ታወጣለች፣ ደግሞ ዞር ዞር ብላ ታያለች።

ኦክቡን መጮህ ትችል ነበር። አልጮኸችም። ነገሩ እውነት ሆኖ ሲገኝ ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስ አላላትም።  ይቺ ልጅ ሁለቴ ስትወልድ ሃያ አንድ ሃያ አንድ ቀን የባሕር አረም ሾርባ በእጇ አብስላ ያጠጣቻት እሷ ናት። "ቁልፉን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?" አለች ለጀልባዋ። ብትጠይቃት እንደማትሰጣት ጀልባዋም ታውቃለች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ተናደደች፤ ንዴት ይሻላታል።

ያን ቀን ጥሪው ሲሰማ እንደ ወትሮው ወረደች፤ ሠራች፤ ውሃው መመለስ ሲጀምር እንደ ወትሮው ጣሳዋን ለዮንሱክ አቀበለች። መለኪያ ቤት ሲደርሱ ሴቶቹ ሁሉ ተሰብስበው እሳት እየሞቁ ነበር። ማልሱን የኦክቡንን ጣሳ አጠለለች፣ መልሳ ሞላች።

"ሙሉ ነው" አለች። "እትዬ፣ እርስዎ እኮ እኛን ቀብረው ነው የሚያርፉት።"

"አዎ፤ ግን የቤት ሌባ ካሳረፈኝ ነው" አለች ኦክቡን።

ነገር ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ኦክቡን በዝግታ፣ በማስረጃ፣ አንድ በአንድ ልትናገር ነበር ያሰበችው፤ አንዴ አፏ ሲከፈት ግን ዛጎሉ፣ ቦቲው፣ ጣሳው፣ ቀይ ሻሹ ተግተልትሎ ወጣ። "ድንጋዬን እያራቆተችብኝ ነው! ጣሳዬ እንዲጎድል! መፈልፈያዬን አስጥላ ግድግዳ ሥር ልታስቀምጠኝ!" ስትል ድምፅዋ ተሰበረ።  የሁሉም ዓይን ዮንሱክ ላይ ዐረፈ።

"ዮንሱክ" አለች ማልሱን። "ከጥሪ በፊት ወርደሻል?"

"ወርጃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከአምና።"

"ኧረ ጉድ!" አለች ፒልዬ። "አምናና ዘንድሮ?"

"ኦይስተሩንስ የት አደረስሽው?" አለች ማልሱን።

ዮንሱክ አንገቷን ደፍታ እጆቿን መጎናጸፊያዋ ውስጥ ከተተች። ማልሱን እንደገና ጠየቀቻት፤ ዝም። ሌባ ተብላ ለመቅረት የቆረጠች ትመስል ነበር።

ፒልዬ ናት ነገሩን ያበላሸችው፤ ወይም ያስተካከለችው። "ቆይ እስቲ" አለች። "ሸጣውም ከሆነ እኮ ሁላችንም የምንሸጠው እዚሁ ነው። ያንን ከንፈረ ጥቁር ትንሽ ኦይስተር እኔ ዘንድሮ ከእትዬ ኦክቡን ጣሳ በቀር የትም አላየሁት።"

 ማልሱን ወንፊቷን አየች፤ ከዚያ ጣሳውን አየች። ቀስ ብላ እጇን ወደ ዮንሱክ መጎናጸፊያ ዘርግታ ከጎመን ጋን ጀርባ የነበረችውን ትንሽ ጣሳ አወጣች። ሥሯ ላይ ጥፍር የምታህል አንዲት ኦይስተር ተጣብቃ ቀርታለች።

ያኔ ኦክቡን ገባት። የሩቁን ትልልቅ ኦይስተር ብትጨምርላት ማልሱን ገና ስታጠልለው ታውቃለች። ለኦክቡን ጣሳ የሚሆነው የኦክቡን ድንጋይ ኦይስተር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ልጅቷ ከአማቷ ድንጋይ ለአማቷ ጣሳ ትሰርቅ ኖሯል። ቀለል ያለው ጣሳ። የበረታው ክንድ። ኦክቡን አጠገቧ ያለውን ምሰሶ ያዘች። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ጣሳ እያየች ለአገሩ ሁሉ ስትፎክር ነበር።

ማልሱን ግን ተቆጥታለች። "ሕጉን ለምን ያወጣነው መሰለሽ?" አለች ዮንሱክን። "ለጨዋታ ነው? መሙላት ካቃታቸው መሮጥም አቅቷቸዋል እኮ! ውሃው አንድ ቀን ቢቀድማቸውስ? ሬሳቸውን በወንፊት ልታጠልዪልን ነበር?"

"ከሳቸው ቀድሜ ተመልሼ አላውቅም" አለች ዮንሱክ። ድምፅዋ በቅጡ አይሰማም። "ሁልጊዜ ዓይኔ እሳቸው ላይ ነው።"

"ዓይንሽ!" ማልሱን ወንፊቱን አስቀመጠች። "ከጥሪ በፊት የወረደች ወራቱን ትታገዳለች። መስፈሪያ ያታለለች ግን ለሁልጊዜው ነው። ይኼን እኔ አላወጣሁትም፤ ሁላችንም ነን ያወጣነው።" ከዚያ ወደ ኦክቡን ዞረች፤ ድምፅዋ ትንሽ ረገበ። "እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ ያውቁ ነበር?"

ኦክቡን አላወቀችም። አላወቅሁም ማለት እውነት ነው፤ ሰውም ሁሉ ያምናታል፤ እንደ ድሮው ዓይኗን ያከብርላታል፤ ምናልባትም "እስቲ ሦስት ቀን ብቻዎን ይሞክሩ" ይሏታል። ዮንሱክ ግን ዕድሜ ልኳን ጭቃውን አትረግጥም። ማዶ ያሉት ልጆች የሚበሉት ከዚህ ጭቃ ነው። ሶልሶም ላይ ደግሞ አማቷ ያዘዘቻትን ለፈጸመች ምራት ጥፋት አይቆጠርባትም፤ ጥፋቱ የአዛዧ ነው።

"አውቅ ነበር" አለች ኦክቡን።

"ምን አሉ?"

"አውቅ ነበር አልኩሽ። እኔ ነኝ ያዘዝኳት። ሙዪልኝ ብዬ እኔ ነኝ ያዘዝኳት። ምራት አማቷን እምቢ ትበል?"

ዮንሱክ ቀና አለች። "እማማ..."

"ዝም በይ አንቺ!"

"ታዲያ ምነው አሁን ሌባ ናት ያሉን?" አለች ፒልዬ፤ አፏን ከፍታ ቀርታለች።

ኦክቡን ምሰሶውን ለቀቀች። "ረሳሁት" አለች።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ጎረቤት የተዋሳትን ወንፊት ቀኑን ከነሰዓቱ የምትጠራ ሴት ናት። የማን አሳማ በስንተኛው ዓመት ስንት እንደወለደ የምትመሰክር ሴት ናት። ከአፏ "ረሳሁ" የሚል ቃል ሲወጣ የሰማ ሰው ሶልሶም ላይ የለም። እሳቱ ዙሪያ ያሉት ሴቶች ሁሉ ውሸቷን መሆኑን ዐወቁ።

"ማዘዝዎን ረሱት?" አለች ማልሱን፤ ትክ ብላ እያየቻት።

"እርጅና ነው፤ ምን ታደርጊዋለሽ? ረሳሁት አልኩ፤ ስንቴ ልድገምልሽ? መርሳቴንም ልርሳልሽ?"

ማልሱን ወንፊቱን አንሥታ ሰቀለችው። ከዚያ "እንግዲያው የዮንሱክ ቅጣት የለም" አለችና እጇን ዘረጋች። "የእርስዎን መፈልፈያ ግን።" ኦክቡን ሰጠቻት። የእንጨት እጀታው በስድሳ ዓመት የእጇን ቅርጽ ይዞ ስለነበር ለማልሱን እጅ አልተመቸም፤ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዮንሱክ ታለቅስ ነበር። መንገዱ ሲጋመስ ኦክቡን ዞር አለች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አምና መጀመሪያ የጎደለብዎት ቀን ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። እራት አልበሉም። በማግስቱም አልበሉም።"

"አልበላ! አንቺ ምን አገባሽ?"

 ኦክቡን ጥቂት ከተራመደች በኋላ "ከመጋጠሚያው ምቺው" አለቻት። "ከከንፈሩ ስትመቺው ሥጋው ይቆረጣል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አላየሁሽም መሰለሽ?"

በማግስቱ የማልሱን ሳፋ ሲደበደብ ኦክቡን በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ጭቃው አለፉ፤ ዮንሱክ ቀይ ሻሿን አስራ ከፊታቸው ወርዳለች። ፒልዬ ወደ ኋላ ቀረችና ወደ ኦክቡን መጣች። ሌሊቱን ስታሰላስል ያደረች ፊት ነበራት፤ ውሸቱን በእጇ ጨብጣ ለማልሱን ልታደርሰው የፈለገች ትመስል ነበር።

"እትዬ" አለች፣ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ያውቁኛል? እኔ ማን ነኝ?"

ኦክቡን አየቻት። ፒልዬ ናት። በነፋስ ቀን ተወለደች፤ እናቷን ያዋለደቻት ራሷ ኦክቡን ናት፤ እትብቷንም የቆረጠችው እሷ ናት። በሰባት ዓመቷ ከጓሮዋ ሁለት የቻይና ጎመን ሰርቃ በልታ እስካሁን አልካሰችም። ይህን ሁሉ ለመናገር ምላሷ እስኪያሳክካት ፈለገች። ከፒልዬ ትከሻ በላይ፣ ሩቅ፣ ቀዩ ሻሽ ጭቃው ላይ ጎንበስ ቀና ይላል።

"እንጃ ልጄ" አለች ኦክቡን። "የማን ልጅ ነሽ?"